ጆን ባርሊኮርን፦ ገብሱን ቀበሩት፣ አጨዱት፣ ወቁት፣ ጠጡት። ይህ የእንግሊዝ ገጠር ዘፈን ከየት መጣ?

ነዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንግሊዝ አገር ሶመርሴት ውስጥ ነው የምኖረው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ዕድሜያቸውን በሙሉ እርሻ ላይ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ በልቤ አባባ ነው የምላቸው። አብዛኛውን ቀን ዝም ይላሉ። ጠዋት ቁርስ ላይ ግን ማንኪያቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እየመቱ አንድ ዘፈን ይጀምራሉ። የልጆቻቸው ስም የሚጠፋባቸው ሰው ይህን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳይጥሉ ይዘልቁታል።

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የነፍስ ግድያ ወሬ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሦስት ሰዎች ከምዕራብ ይመጣሉ። ጆን ባርሊኮርን የሚባል ሰው መሞት አለበት ብለው ይማማላሉ። መሬቱን አርሰው ይቀብሩታል፤ ጓሉን አናቱ ላይ ይከምሩበታል። ሞተ ብለው ሲሄዱ ዝናብ ይመጣና ሰውየው ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል። ሰኔ ሲያልቅ ይገረጣል፣ ፂም ያወጣል፣ ጎልማሳ ይሆናል። ያኔ ማጭድ ይዘው ይመጡና ከጉልበቱ ይቆርጡታል፤ ወገቡ ላይ ጠፍረው ያስሩታል፤ በመንሽ ልቡን ይወጉታል፤ በጋሪ ጎተራ ወስደው ቆዳው ከአጥንቱ እስኪለይ በዱላ ይቀጠቅጡታል። ባለ ወፍጮው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ በሁለት ድንጋይ መሃል አድርጎ ይፈጨዋል።

«ወገቡን አሰሩት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ነው የገባኝ። ነዶ ነው! ሰው አይደለም፣ ገብስ ነው። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችን። ብቅሉ ሲሰጣ ወፍ የማባርረው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ መጨረሻውን ሳልሰማ አወቅኩት። ገዳዮቹ ሁሉ ያደቀቁትን ሰው በዋንጫ ይጠጡታል፤ ከሁላቸውም የበረታው እሱ ሆኖ ይገኛል። ያለ እሱ አዳኙ ቀበሮ አያድንም፣ ድስት ጠጋኙም ድስት አይጠግንም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ከክርስትና በፊት ሰው ለእርሻ አምላክ ሲሠዋ የተዘፈነ ነው» አለኝ። እውነት ነው? ዘፈኑስ ዕድሜው ስንት ነው?

——

የድሮ መጽሐፍ፦

ነዶ፣ እንኳን ጻፍሽው። ይህን ዘፈን ለብዙ ዓመት ስከታተለው ኖሬያለሁና ረዘም ብል አትቀየሚኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከስሙ ልጀምር። ባርሊ ገብስ ነው። ኮርን እዚህ ላይ በቆሎ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ድሮ ማንኛውም የእህል ቅንጣት ኮርን ይባላል። ጆን ደግሞ እኛ አገር ከበደ እንደምንለው የማንም ሰው ስም ነው። በነገራችን ላይ የገብስ ቅንጣት የርዝመት መለኪያም ነበር፤ ሦስቱ አንድ ኢንች ይሞላሉ። የእንግሊዝ ጫማ ዛሬም ከ7 ቁጥር ወደ 8 ሲያልፍ የሚጨምረው ልክ የአንድ ገብስ ቅንጣት ርዝመት ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው። ገብስን ወይም ብቅልን እንደ ሰው አድርጎ የሚያወራ ግጥም በ1568 ስኮትላንድ ውስጥ ተጽፎ እናገኛለን። ጆርጅ ባናታይን የሚባል ሰው ኤድንብራን ወረርሽኝ በመታት ጊዜ የአገሩን ግጥሞች በእጁ ገልብጦ ትልቅ ጥራዝ አዘጋጀ። እዚያ ውስጥ ብቅሉ ጆን ሳይሆን አላን ይባላል። ልጅ ሳለ አረንጓዴ ለብሶ፣ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ተደፍቶ ኮረብታ ላይ ይታያል። ያልታጨደ ገብስ ነፋስ ሲያስተኛው አይተሽ ታውቂ የለ? እሱን ነው የሚለው።

ጆን ባርሊኮርን በስሙ የሚታየው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ በታተመ ወረቀት ላይ ነው። ያኔ ዘፈን በአንድ ገጽ ይታተምና ላዩ ላይ በእንጨት የተቀረጸ ሥዕል ተጨምሮበት መንገድ ላይ በሳንቲም ይሸጥ ነበር። አሳታሚው ሄንሪ ጎሰን ይባላል። ርዕሱ የሰር ጆን ባርሊኮርንን «ደም የፈሰሰበት ግድያ» የሚያወራ መሆኑን ይናገራል። የዚያን ዘመን ሰው እውነተኛ የነፍስ ግድያ ወሬ በዘፈን ይሸምት ነበር፤ ገበያው የደራ ነበር። ርዕሱ ያንን ወሬ አስመስሎ የተሠራ ነው። አንቺ ሳህን ይዘሽ የደነገጥሽው ድንጋጤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ታስቦበት የተቀመጠ ነው ማለት ነው!

በዚያ ቅጂ ሦስቱ ሰዎች የሉም። ሰር ሪቻርድ ቢራ እና ሰር ዊሊያም ነጭ ወይን የሚባሉ ሁለት መኳንንት ናቸው የሚገናኙት። ወረቀቱ ዛሬ ካምብሪጅ፣ ሞድሊን ኮሌጅ ውስጥ አለ። ያስቀመጠልን ሳሙኤል ፒፕስ ነው፤ የባሕር ኃይሉ ባለሥልጣን፣ የማስታወሻ ደብተሩ የታወቀው ሰውዬ። እንዲህ ያለ የመንገድ ዘፈን ከ1,800 በላይ ሰብስቧል።

ከዚያ ሮበርት በርንስ መጣ። በ1782 የራሱን ግጥም ጻፈና በ1787 በኤድንብራው መጽሐፉ አሳተመው። በእሱ ግጥም የሚማማሉት በምሥራቅ ያሉ ሦስት ነገሥታት ናቸው። በርንስ የገበሬ ልጅ ነው፤ ራሱም አርሷል። ከ1789 ጀምሮ ደግሞ የመጠጥና የብቅል ቀረጥ የሚሰበስብ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ገብሱን ከሁለቱም ወገን ያየ ሰው ነው።

——

አውድማ፦

እኔ በእርሻው በኩል ልጨምር፤ ዘፈኑን ያቆየው እሱ ነው ብዬ ስለማምን።

ሬዲንግ ከተማ የእንግሊዝ ገጠር ሕይወት ሙዚየም አለ፤ የሚያልፍ ሰው ካለ ይግባ። እዚያ የመውቂያ ዱላቸውን አየሁት። እኛ አገር በሬ ያበራያል፤ እነሱ ይህን ነበር የሚጠቀሙት። ሁለት እንጨት ነው፤ አንዱ ረጅም እጀታ፣ ሌላው አጠር ያለ፣ በቆዳ ጠፍር የተያያዙ። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሳው አጭሩ ይዞርና ነዶው ላይ ሙሉ ለሙሉ ተኝቶ ያርፋል። ሁለት ሰው ጎተራው ወለል ላይ ፊት ለፊት ይቆምና እየተቀባበለ ይመታል። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ያወርዳል። ምቱ ከተዛባ እርስ በርስ መፈነካከት ነው። ነዶ፣ አባባሽ ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ የሚመቱበትን ምት እስቲ ልብ ብለሽ አዳምጪው።

በእንግሊዞቹ ቅጂ ዱላው የዱር ፖም እንጨት ነው ይላል። ጠንካራ እንጨት ነው። ዘፈኑን የሠራው ሰው ማንም ይሁን ማን ሥራውን ያውቃል። መጀመሪያ ማረስ፣ ከዚያ መዝራት፣ ከዚያ ጓል እየሰበሩ ማልበስ። አንድም ቦታ ቅደም ተከተሉ አይስትም። በበርንስ ግጥም ብቅል አሠራሩም አለ፤ ውኃ በሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይወረውሩታል፣ ይዋኝ ይስጠም ብለው ይተዉታል። ይሄ መዘፍዘፉ ነው። ቀጥሎ እሳት ላይ የአጥንቱን ቅልጥም ያደርቁታል። እኛ ፀሐይ አለን፤ እነሱ ፀሐይ ስለሌላቸው ብቅሉን የሚያደርቁት በምድጃ ሙቀት ነው።

ግን የመውቃቱ ነገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለመሬት አልባው ቀን ሠራተኛ መውቃት የክረምት እንጀራው ነበር። ያኔ የጋራ የግጦሽ መሬት የሚባለው በፓርላማ አዋጅ እየታጠረ ለባለ ርስት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከ1604 እስከ 1914 ከ5,200 በላይ አዋጅ ወጥቶ 6.8 ሚሊዮን ኤከር ታጥሯል። ላሟን የምታግጥበት ያጣ ቤተሰብ የሚኖረው በቀን ሥራ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ከመውቃት ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለም። እዚህ ላይ የመውቂያ ማሽን መጣ።

በ1830 ነሐሴ 28 ሌሊት ኬንት ውስጥ፣ ካንተርበሪ አጠገብ፣ ሎወር ሃርድረስ የምትባል መንደር ሰዎች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ማሽን ሰባበሩ። ከዚያ እንደ ሰደድ እሳት ደቡብና ምሥራቅ እንግሊዝን አዳረሰ። ለባለ ርስቶቹ የሚላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «ካፒቴን ስዊንግ» በሚባል በሌለ ሰው ስም ይፈረም ነበር። ፍርዱ የከበደ ነበር፤ 19 ሰው ተሰቀለ፣ 500 የሚጠጋ ሰው በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተጋዘ። አብዛኛው ከቤተሰቡ ጋር ዳግመኛ አልተያየም።

እና በ1850 ወይም በ1900 መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ «ቆዳው ከአጥንቱ እስኪለይ በዱላ ቀጠቀጡት» እያለ የሚዘፍን ሽማግሌ የሚዘፍነው ማሽን ስለነጠቀው የአባቱ ሥራ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

——

ማለዳ፦

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ጽፋችኋል። እኔ ግን የነዶን ባልደረባ አባባል እንዲህ በቀላሉ አልጥለውም። አንድ ሰው በእርሻ መሬት ይቀበራል፣ ይነሣል፣ ይገደላል፣ ሥጋውና ደሙ ለሁሉም ይከፋፈላል። ይሄ ዝም ብሎ የመጠጥ ቤት ጨዋታ ነው? ጄምስ ፍሬዘር በ1890 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ የአውሮፓ ገበሬዎች በመጨረሻው ነዶ ውስጥ የእህሉ መንፈስ አለ ብለው ያምኑ እንደነበር ብዙ ምሳሌ ደርድሯል። የመጨረሻውን ነዶ እንደ ሴት አልብሰው ቤት ያስገቡ ነበር። ይህ ሁሉ ባዶ ነው ልትሉኝ ነው?

——

የድሮ መጽሐፍ፦

ማለዳ፣ የመጨረሻው ነዶ ልማድ እውነት ነው፤ እንግሊዝም ውስጥ ከገለባው አሻንጉሊት ይጎነጉኑ ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ልማድ ወደዚህ ዘፈን የሚያደርስ አንድም ድልድይ የለም። ፍሬዘር ያሰባሰበው ከመቶ ቦታ ነው፤ የየቦታውን ልማድ ቀጣጥሎ አንድ ጥንታዊ እምነት ሠራበት። ዛሬ የሕዝብ ዘፈን አጥኚዎች በዚያ መንገድ አይሄዱም። በእጃችን ያለው ከ1568 ወዲህ ያለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ የሚያሳየን ብቅልና ጠላ የሚወድ፣ ቃል መጫወት የሚችል ሰው ነው።

የሥራ ባልደረባሽ የሰማውም ከሩቅ ዘመን የመጣ ወሬ አይመስለኝም፣ ነዶ። በ1965 ዋተርሰንስ የሚባሉ የኸል ከተማ ወንድምና እህቶች ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ሆነው አንድ ሸክላ አወጡ። ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ። ዓመቱን ሙሉ በየበዓሉ የሚዘፈኑ ዘፈኖች ናቸው፤ ንዑስ ርዕሱ ራሱ የሥርዓትና የአስማት ዘፈኖች ይላቸዋል። ጆን ባርሊኮርንም ውስጡ አለ። ማብራሪያውን የጻፈው የሕዝብ ዘፈን አጥኚው ኤ. ኤል. ሎይድ ነው፤ የሚሞትና የሚነሣ የእህል አምላክን ሐሳብ በሰፊው ያሰራጨው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን የሰማ ትውልድ ሁሉ ያንን ማብራሪያ አብሮ ሰማ።

——

ሸክላ ሰብሳቢ፦

አሁን ገባኝ! እኔ ዋሽንግተን ነው ያለሁት፤ ዘፈኑን የማውቀው ትራፊክ ከሚባለው የሮክ ባንድ ነው። የ1970 አልበማቸው ስሙ ራሱ ጆን ባርሊኮርን መሞት አለበት የሚል ነው። ሽፋኑ ላይ የገብስ ነዶ ሥዕል አለ። ሌላው ዘፈን አብዛኛው ኦርጋንና ሳክስፎን ሆኖ፣ ይቺ ስትመጣ በጊታርና በዋሽንት ትሆናለች። ስቲቭ ዊንዉድ በቀስታ ነው የሚዘፍናት። ወጣት ሳለሁ ስለ መጠጥ ሱሰኛ የተዘፈነ ይመስለኝ ነበር። ዋሽንት የሚነፋው ክሪስ ዉድ ዘፈኑን ያገኘው ከዋተርሰንስ ሸክላ እንደሆነ አንብቤያለሁ። ታዲያ ከዚያ በፊት ማን ነው ያቆየው? ከበርንስ እስከ 1965 ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው።

——

ክራር ወዳድ፦

ሸክላ ሰብሳቢ፣ ያቆዩት እንደ ነዶ አባባ ያሉ ሰዎች ናቸው። እረኞች፣ አራሾች፣ አትክልተኞች። ማን እንደጻፈላቸው ደግሞ ልንገርህ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ነዶ ያለችበት ሶመርሴት ነው።

በ1903 ሴሲል ሻርፕ የሚባል የለንደን የሙዚቃ አስተማሪ ሐምብሪጅ የምትባል የሶመርሴት መንደር ቄስ ወዳጁ ቤት እንግድነት ሄደ። የቄሱ አትክልተኛ ግቢው ውስጥ ሣር እያጨደ ያንጎራጉራል። አትክልተኛው ስሙ ጆን ኢንግላንድ ነው፤ ዘፈኑ የፍቅርን ዘር በአትክልት ቦታ ስለመዝራት ነው። ሻርፕ ደብተሩን አውጥቶ ዜማውን እዚያው በኖታ ጻፈው። ያ ቀን ሕይወቱን ቀየረው። ከዚያ በኋላ በብስክሌት ከመንደር መንደር እየዞረ፣ የሽማግሌዎችን ቤት እያንኳኳ ሲጽፍ ኖረ። በ1924 ሲሞት 5,000 የሚጠጋ ዜማ ሰብስቦ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 1,600 የሚጠጋውን ያገኘው ከረዳቱ ከሞድ ካርፕሊስ ጋር ከ1916 እስከ 1918 አሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ሄዶ ነው። ጆን ባርሊኮርንን በየቦታው አግኝቶታል። በብዛት የሚታወቀውን ዜማ በ1909 ኦክስፎርድሺር፣ ባምፕተን ከአንድ እረኛ ወሰደው። በ1959 በታተመው የፔንግዊን የእንግሊዝ ሕዝብ ዘፈኖች መጽሐፍ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ዜማው አንድ አይደለም፤ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ግጥሙ አንድ ሆኖ ሶመርሴት ሌላ፣ ሰሴክስ ሌላ ዜማ አለው። ስቲቭ ራውድ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የእንግሊዝኛ ሕዝብ ዘፈኖችን ሁሉ በቁጥር መዝግቧል፤ ጆን ባርሊኮርን ቁጥሩ 164 ነው። ያንን ቁጥር ለንደን ካለው የሴሲል ሻርፕ ቤት የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ብታስገቡት ማን፣ የት፣ መቼ እንደዘፈነው በዝርዝር ይወጣላችኋል። ነዶ፣ የሶመርሴቱን ፈልጊ። ምናልባት የአባባ መንደር አጠገብ የተዘፈነ ታገኚ ይሆናል።

የሙዚቃ ደራሲው ቮን ዊሊያምስም የሶመርሴቱን ዜማ በ1923 ለወታደር ማርሽ ባንድ በጻፈው ሙዚቃ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ አስገብቶታል። በነሐስ መሣሪያ ሲነፋ ሰምቼዋለሁ። ያምራል፤ ግን ቃሉ የለም፣ ሰውየው የለም።

እዚህ ላይ ቅር የሚለኝን ልናገር። ሰብሳቢዎቹ ውለታ ሠርተዋል፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙው ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ለእነሱ ትልቁ ነገር ዜማው ነበር። ባለጌ የመሰላቸውን ግጥም አርመው ወይም ቆርጠው ነው ያሳተሙት። መጽሐፉ በሰብሳቢው ስም ይወጣል፤ ዘፋኙ ከግጥሙ በታች አንድ መስመር ነው። በዚያ ዘመን ፐርሲ ግሬንጀር ነው የተለየው። በ1906 ሊንከንሺር ውስጥ የሰም ሲሊንደር መቅጃ ተሸክሞ ሄደና ድምፃቸውን ራሱን ቀዳ። ጆሴፍ ቴይለር የሚባሉትን ሽማግሌ ዛሬም መስማት ይቻላል። ድምፃቸው መሃል ላይ እንደ ሐር ክር ይንቀጠቀጣል። ያንን የትኛውም ኖታ ሊጽፈው አይችልም።

ነዶ፣ ቤተሰባቸውን አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅጃቸው። እባክሽ። እኔ አያቴ በአጨዳ ጊዜ የምታንጎራጉረውን በካሴት ቀድቼ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት ለጥናት ብዬ አዋስኩ፤ ዕቃ ሲያዛውሩ ጠፋ ተባልኩ። ግልባጭ አልነበረኝም። ሃያ ዓመት ሆነው፤ ግማሹን ግጥም አስታውሳለሁ፣ ድምፅዋን ግን አላስታውስም።

——

የገብስ ልጅ፦

የሰብል ማዳቀል ነው የተማርኩት፤ ስለ ገብሱ ራሱ ማንም አላነሳምና ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ክራር ወዳድ ስለ ስም ያልከው ነገር ገብሱም ላይ ደርሷል። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ለብቅል በሰፊው የተዘራው ዘር ቼቫሊየር ይባላል። ያገኘው ሳፎክ ውስጥ፣ ደብናም በምትባል ቦታ፣ ጆን አንድሩስ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነው። ከሌላው የበለጠች አንድ ዛላ ዓይኑ ገባችና ቅንጣቶቹን ጎጆው ጓሮ ዘራቸው። በ1820ዎቹ ጆን ቼቫሊየር የተባሉት የአካባቢው ቄስና ባለ ርስት ከእሱ ወስደው አበዙት። ዘሩ በእሳቸው ስም ዓለምን ዞረ። ሻርፕ ያገኛቸው ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው ሲያጭዱ የኖሩት በአብዛኛው ይህን ዘር ነው።

ሁለተኛው ነገር እኛን ይመለከታል። ኢትዮጵያ የገብስ ዓይነት በብዛት ከሚገኝባቸው የዓለም ቦታዎች አንዷ ናት። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ ዘር የሰበሰበው ለዚህ ነው። ከዚያ በ1937 እና 1938 ጀርመኖች ዘር ሰብስበው ወሰዱ። ከወሰዷቸው የገበሬ ዘሮች ውስጥ አንድ በሽታ ጨርሶ የማይነካቸው ተገኙ። በሽታው ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ያስመስላል። እርጥብ በሆነው የሰሜን አውሮፓ አየር የገብስ ዋና ጠላት ነው። መቋቋሚያው ኤም-ኤል-ኦ በሚባል አንድ ጂን ላይ የተቀመጠ ነው። አዳቃዮች ወደ አውሮፓ ዘር አስገቡትና በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ አተም የሚባለው የመጀመሪያው ዝርያ ወጣ። ዛሬ እንግሊዝን ጨምሮ በሰሜን አውሮፓ ለቢራ ብቅል በበልግ በሚዘሩ ብዙ ዝርያዎች ውስጥ ይህ የኢትዮጵያ ጂን አለ።

ነዶ፣ በመስኮትሽ የገብስ ማሳ የሚታይሽ ከሆነ፣ ጆን ባርሊኮርን በከፊል ያገርሽ ልጅ ሊሆን ይችላል።

——

ማለዳ፦

የገብስ ልጅ፣ ይሄንን ጭራሽ አላውቅም ነበር። ለእናቴ አነበብኩላት፤ «ታዲያ ጌሾውንስ ከየት አመጡት?» አለችኝ።

ስለ መንፈሱ ክርክር ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልክ ነህ የድሮ መጽሐፍ፣ ማስረጃው ወረቀቱ ነው። እሺ፣ የጥንት አምላክ የሚለውን ተውኩት። ነገር ግን ዘፋኞቹ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። «የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን ትቀራለች» የሚለውን በቋንቋቸው ሰምተውታል። በየዓመቱ ዘር በእጁ የሚበትን ሰው ይህን ቃል ሰምቶ ማሳውን እንደ በፊቱ የሚያይ አይመስለኝም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ አምላክ መፈለግ አያስፈልገኝም ነበር፤ እሁድ ጠዋት የሰሙት ይበቃል።

——

የድሮ መጽሐፍ፦

በዚህ ላይ እጅ ለእጅ እንጨባበጣለን።

ስለ ጌሾው ለእናትሽ ንገሪያት። እንግሊዞች ድሮ የሚጠጡት ያለ መራራ ቅጠል የተጠመቀ፣ ኤል የሚባል የብቅል መጠጥ ነው። እንደ ጌሾ የሚያመርረውን ሆፕ የሚባለውን ተክል ከባሕር ማዶ፣ ከዝቅተኞቹ አገሮች (ከዛሬዎቹ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም) ነጋዴዎች ያመጡት በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ የሚጠምቁት በብዛት ሴቶች ነበሩ። መጠጡ ደግሞ ለቀን ሠራተኛው ከደመወዙ የሚቆጠር ነበር፤ በአጨዳ ወቅት ማሳው ድረስ በበርሜል ይመጣለት ነበር። በ1887 የወጣ ሕግ ነው ለእርሻ ሠራተኛ አስካሪ መጠጥ የደመወዝ አካል አድርጎ መስጠትን የከለከለው።

——

ነዶ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በእረፍት ሰዓቴ እያነበብኳችሁ ነው።

አውድማ፣ እንዳልከኝ ማንኪያውን አዳመጥኩት። አንድ ምት አይደለም! አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። ከባዱን ራሳቸው ይመቱታል፤ ቀላሉን ማንኪያው ሲነጥር ነው የሚወጣው። ፊት ለፊታቸው ሌላ ሰው የቆመ ይመስላል። ከማን እንደተማሩት ጠየቅኳቸው፤ «ከአባቴ፣ በረት ውስጥ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ክራር ወዳድ፣ ልጃቸውን ደውዬ አስፈቀድኩ። ስልክ ላይ ዝም ብላ ቆየችና «እሱ ዘፈን ገና ያስታውሳል?» አለችኝ፤ አለቀሰች። ቅዳሜ መጥታ አብራኝ ትቀዳለች። ግልባጩ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ የአያትህ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወደ ሥራ ስመጣ መንገዱ ዳር ያለውን ማሳ ባለቤት አስፈቅጄ ሦስት ዛላ ገብስ ቆርጬ መጣሁ። ቁርሳቸውን ካበላኋቸው በኋላ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ፂሙን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ አንድ ጊዜ፣ ወደ ታች አንድ ጊዜ ዳሰሱት። ከዚያ እነዚያ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጡት እጆች ዛላውን በሁለት መዳፍ መሃል አሹት። አልተንቀጠቀጡም። ገለባውን እፍ አሉት፤ ብርድ ልብሱ ላይ ተበተነ። አንድ ቅንጣት አንስተው በፊት ጥርሳቸው ነከሱ። ትንሽ አሰቡ።

«አልደረሰም» አሉኝ። «አንድ ሳምንት ይቀረዋል።»

የፊታችን ሐሙስ ይሞላል።